ስለ ካሜራው ጥያቄህ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ እነሆ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዝምታዬ ግን አንተን ከመርሳት የመጣ አይደለም። በዚያ ደብዳቤህ ከመካከለኛዎቹ ዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራዎች (በሌንሱ የገባውን ብርሃን በውስጣቸው ባለ መስታወት ወደ ዓይን ከሚመልሱት) የትኛውን ብገዛ ይሻላል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔም ሳልይዛቸውና ሳልሠራባቸው ከሰው የሰማሁትን ብቻ አጣፍጬ መጻፉን ስላልወደድኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ጊዜው ነጎደ። አሁን ግን አብዛኞቹን በእጄ ይዤ ስለሠራሁባቸው፣ ይቅርታህን እየለመንኩ የዘገየውን መልስ ልጻፍልህ።

መካከለኛ የምላቸው ለጀማሪ ከሚሸጡት ከፍ፣ ለባለሙያ ከሚሠሩት ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራዎች (ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰራቸው የ35 ሚሊሜትር ፊልምን ያህል ከሚሰፋው) ደግሞ ዝቅ ያሉትን ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የሠራሁት በሦስቱ ላይ ነው፤ እነርሱም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) በ2015 የወጣው ኒኮን ዲ7200፣ በ2016 የወጣው ካኖን 80ዲ እና በ2017 የወጣው ኒኮን ዲ7500 ናቸው። ካኖን 90ዲንና ፔንታክስ ኬ-3ን ለጥቂት ቀናት ተውሼ ሞክሬያቸዋለሁ።

እኔም እንደ ብዙ ሰው መጀመሪያ የቆጠርኩት ሜጋፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ነው። ዲ7200 እና 80ዲ እያንዳንዳቸው 24.2 ሲኖራቸው ዲ7500 ያለው 20.9 ብቻ ስለሆነ፣ አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ መስሎኝ ተገርሜ ነበር። ነገር ግን ምስሉን በወርዱ ስትለካው የሁለቱ ኒኮኖች ልዩነት በ6000 እና በ5568 ነጥብ መካከል ያለው ነው፤ ከመቶ ስምንት እንኳ አይሞላም። አንድን መስኮት በሁለቱም አንስቼ፣ ፎቶዎቹን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው፤ ከሳምንት በኋላ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ያወቅሁት ጀርባቸውን ገልብጬ የጻፍኩትን ምልክት አንብቤ ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር ከሐሳብህ አውጣው።

ልዩነቱ ወለል ብሎ የሚታየው ዓይንህን ከመመልከቻው ላይ ስታሳርፍ ነው። በብዙዎቹ የጀማሪ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሱት የተገጣጠሙ መስታወቶች ሲሆኑ፣ በእነዚህ ውስጥ ግን አንድ ወጥ የብርጭቆ ፕሪዝም ስለሆነ የምታየው ይበልጥ ብሩህ ነው። ሦስቱም የሚነሳውን ምስል ከሞላ ጎደል መቶ በመቶ ያሳያሉ። አንተ ከመጫንህ በፊት አራቱንም ጠርዝ አንድ በአንድ የምትቃኝ ሰው ስለሆንክ ይህ ለአንተ ቀላል ነገር አይደለም፤ ካነሳህ በኋላ ያላየኸው ቅርንጫፍ ከጥግ ብቅ አይልብህም። ዘመኑን መስታወት አልባ ካሜራዎች እንደያዙት አውቃለሁ፤ ሆኖም በብርጭቆ በኩል የማየው ስክሪን ሳይሆን ብርሃኑ ራሱ መሆኑ እስከ ዛሬ ደስታዬ ነው። ባትሪም አይበላም፤ በተለመደው የአምራቾች መለኪያ ዲ7200 በአንድ ሙሌት 1,110፣ 80ዲ ደግሞ 960 ፎቶ ያነሳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ፣ ከአባትህ የወረስካቸው ሦስት በእጅ የሚስተካከሉ የኒኮን ሌንሶች፣ ማለትም ባለ 28፣ ባለ 50 እና ባለ 105 ሚሊሜትር (ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ ይበልጥ ያቀርባል)፣ በሣጥን ውስጥ እንደተቀመጡ እንደ ዋዛ ጠቅሰህልኝ ነበር። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ባትጽፋት ኖሮ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር።

ኒኮን ከ1959 ጀምሮ የሌንስ ማያያዣውን መሠረታዊ ቅርጽ ስላልለወጠ፣ እንዲህ ያሉ ሌንሶች በዲ7200ም በዲ7500ም ላይ ይገባሉ። መግባት ሌላ፣ መሥራት ሌላ ነው። ዲ7200 በማያያዣው ዳር አንዲት ትንሽ ዘንግ አለችው፤ የሌንሱን የአፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት፣ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ) ቀለበት ስታዞር ቀለበቱ ያቺን ዘንግ እየገፋ አፐርቸሩ የት ላይ እንዳለ ለካሜራው ይነግረዋል። በሜኑው ውስጥ የሌንሱን ሚሊሜትርና ትልቁን አፐርቸር አንድ ጊዜ ከመዘገብክለት፣ የብርሃን መለኪያው እንደ አዲስ ሌንስ ይሠራልሃል፤ አንተ አፐርቸሩን ስትመርጥ እርሱ የሹተሩን (ለብርሃኑ ተከፍቶ የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነት ይመርጣል። በዲ7500 ላይ ግን ያቺ ዘንግ ቀርታለች። ሌንሶችህን ብትገጥምለት በማኑዋል፣ ማለትም ሁሉንም ራስህ እየመረጥክ ብቻ ታነሳለህ፣ የብርሃን መለኪያውም አይሠራም፤ እየገመትክ አንስተህ፣ ስክሪኑን አይተህ፣ እንደገና ታነሳለህ። በእርጋታ ለሚሠራ ሰው ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ ሰው እየተንቀሳቀሰ፣ ደመና እየመጣና እየሄደ ግን እጅግ አድካሚ ነው። ሁለት የነበረው የሚሞሪ ካርድ ቦታም በአዲሱ ላይ አንድ ሆኗል፤ የማይደገም ዝግጅት ለሚያነሳ ሰው ይህ ያሳስባል።

ፎከሱን በእጅህ ስታስተካክልም ዲ7200 ያግዝሃል። በመመልከቻው ታችኛ ጥግ ሁለት ቀስቶችና በመካከላቸው አንዲት ክብ ነጥብ አሉ፤ ቀለበቱን ቀስቱ ወደሚያመለክትህ አቅጣጫ ቀስ እያደረግክ ስታዞር ቀስቱ ይጠፋና ነጥቧ ትበራለች። ተውሼ ባመጣሁት አሮጌ ባለ 105 ሌንስ የአንዲት አዛውንት ፊት እንዲህ አድርጌ አንስቻለሁ፤ የቅንድባቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሴንሰሩ ስፋት ከሙሉ ፍሬም ስለሚያንስ ባለ 50ው እንደ ባለ 75፣ ባለ 28ቱ እንደ ባለ 42 አቅርበው እንደሚያሳዩህ አትርሳ። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ባለ 50ው ለፊት ፎቶ ምቹ ይሆናል፣ ሰፊ መልክዓ ምድር ከፈለግክ ግን አንድ ተጨማሪ ሌንስ ያስፈልግሃል።

ዲ7500ን ግን እንዳልበድለው። በሰከንድ 8 ፎቶ ያነሳል፣ ዲ7200 ግን 6 ነው። በራው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) እየተኮስክ ሳይዘገይ 50 ፎቶ ድረስ ሲሄድ፣ ዲ7200 በ18 ገደማ መንገታገት ይጀምራል። ስክሪኑም ወደ ላይና ወደ ታች ይዘነበላል። ወፍ ወይም የኳስ ጨዋታ የምታነሳ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት እርሱን እልህ ነበር።

80ዲን በተመለከተ፣ ከሦስቱ ለቪዲዮ የምመርጠው እርሱን ነው። በሴንሰሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ለሁለት ተከፍሎ ፎከስም ስለሚለካ፣ በስክሪኑ እያየህ ስትቀርጽ ፎከሱ ሳይዋልል ሰውን ይከተላል። የእህቴ ልጅ መራመድ በጀመረችበት ሰሞን፣ ወደ እኔ ስትመጣ መሬት ላይ ተኝቼ ስክሪኑን ወደ ላይ አጥፌ ቀረጽኳት፤ ከክፍሉ ጫፍ ተነስታ ሌንሱን በእጇ እስክትነካ ድረስ ፊቷ አንዴም አልደበዘዘም። በዲ7200 ይህን ብሞክር ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ያስቸግረኛል። በፎቶ በኩል ደግሞ የጨለመውን ጥላ በኮምፒውተር ስታበራው ከዲ7200 የሚወጣው ይበልጥ ንጹሕ ነው፤ ይህን በዓይኔ ያረጋገጥኩት ነገር ነው። የአባትህን ሌንሶች በቀጭን ማገናኛ ቀለበት ካኖን ላይ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን አፐርቸሩን ባጠበብክ ቁጥር መመልከቻው አብሮ ስለሚጨልም፣ ከላይ ያመሰገንኩት ብሩህ ፕሪዝም ጥቅሙን ያጣል።

አንድ የደረሰብኝን ነገር ልንገርህ፣ ምክንያቱም ገንዘብህን ካወጣህ በኋላ ተስፋ እንዳትቆርጥ ይረዳሃል። ከዓመታት በፊት በያዝኩት ካሜራ፣ አፐርቸሩን ከፍቼ ሰው ባነሳሁ ቁጥር ዓይን ላይ ያደረግኩት ፎከስ ጆሮ ላይ ያርፍ ነበር። ለወራት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ኖርኩ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በኤስኤልአር ውስጥ ፎከስ የሚለካው ክፍል ከመስታወቱ በታች ለብቻው ስለተቀመጠ፣ የእርሱና የሴንሰሩ ርቀት በጥቂቱ ከተዛነፈ ፎከሱ ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ ያልፋል። ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ ካሜራውን በትራይፖድ አቁሜ፣ ፎከሱን 10 ቁጥር ላይ አድርጌ ባነሳ፣ ጥርት ብሎ የወጣው 11 ሆኖ አገኘሁት። በሜኑው ውስጥ ባለው ማስተካከያ ቁጥሩን እየቀያየርኩ ደጋግሜ አንስቼ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አስተካከልኩት። ሦስቱም ካሜራዎች ይህ ማስተካከያ አላቸው። በእጅህ ለምታስተካክላቸው ለአባትህ ሌንሶች አይጠቅምህም፤ ወደፊት ባለ ሞተር ሌንስ ስትገዛ ግን የመጀመሪያ ቀን ሥራህ ይህ ይሁን።

90ዲ በ2019 ባለ 32.5 ሜጋፒክስል ሆኖ የወጣ ፈጣንና ጠንካራ ካሜራ ነው፤ ለአንተ ግን ሌንሶቹን በሚመለከት ከ80ዲ የተለየ አይደለም። ፔንታክስ ኬ-3 የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው ሴንሰሩን ራሱን በማንቀሳቀስ ስለሆነ፣ የትኛውም የፔንታክስ ሌንስ ከዚህ ይጠቀማል፤ በሣጥንህ ያሉት የፔንታክስ ሌንሶች ቢሆኑ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ስለ እርሱ እሞላው ነበር።

ስለዚህ ለአንተ የምለው ዲ7200ን ነው። የምታገኘው ያገለገለ ስለሚሆን፣ ሻጩ በዚያው ቀን የተነሳ አንድ ያልተነካካ ጄፔግ ፎቶ እንዲልክልህ ጠይቀው፤ ኒኮን ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በፎቶው መረጃ ውስጥ ስለሚጽፍ በኮምፒውተር ልታነበው ትችላለህ። ሹተሩ የተፈተነው ለ150,000 ጊዜ ስለሆነ፣ ከ50,000 በታች ያለው ገና ብዙ ይሄዳል። የሌንስ ማያያዣውን ከፍተህ ያቺን ዘንግ በጣትህ ገፋ አድርጋት፤ ሳትጣበቅ ሄዳ መመለስ አለባት።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሣጥኑን ክፈትና ሌንሶቹን ደህና አድርገህ እይልኝ። ኒኮን ከዘንጓ ጋር የሚግባባውን ቀለበት ያመጣው በ1977 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩና ያልተሻሻሉ ሌንሶች ዲ7200 ላይ ከተገጠሙ ዘንጓን ሊሰብሯት ይችላሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በአፐርቸሩ ቀለበት ላይ ከትልልቆቹ ቁጥሮች በታች፣ ወደ ማያያዣው በኩል፣ ሁለተኛ ረድፍ ትናንሽ ቁጥሮች ካሉ ሌንሱ አዲሱ ዓይነት ነው። ሦስቱንም አይተህ የትኛው ላይ እንዳለና የትኛው ላይ እንደሌለ ጻፍልኝ፤ መልስህን በጉጉት እጠብቃለሁ፣ የእኔም በዚህ ጊዜ አይዘገይም።

ለመላው ቤተሰብህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ናፋቂህ ወንድምህ