የምስጋና መልእክት፦ አባቴን «ሰክረዋል» ብላችሁ ላልተዋችኋቸው የጅማ ጎረቤቶቼ

ይድረስ ከፈረንጅ አራዳ ወረድ ብላ ላለችው ጠላ ቤት ባለቤት ለእትዬ፣ ለግቢው ተከራይ ተማሪ፣ ለአናጺው፣ ለባለሱቁና ለባጃጁ ልጅ።

ስማችሁን አልጽፍም። በሰው ፊት መመስገን እንደማትወዱ አይቻለሁ። በየቤታችሁ እየዞርኩ አመስግኛለሁ፣ ግን አልወጣልኝም። የዚያን ሌሊት ነገር ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃን ተነስተው ሊጠይቁኝ መጡ። እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ጅማ ደግሞ 350 ገደማ ነው። ጅማን ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም።

ቅዳሜ ዕለት ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጓጉተው ነበር። ዳገቱን በእግሬ ነው የምወጣው አሉ፣ ወጡም። ማታ ቤት ስንገባ እንደ ልማዳቸው ከእራት በፊት መርፌያቸውን ተወጉ። እራቱ ግን ገና አልደረሰም። «እስኪደርስ ሰፈራችሁን አሳየኝ፤ ጠላ ቤት የለም እንዴ?» አሉኝ። እኔም ይዣቸው ወጣሁ። መርፌ የተወጋ ሰው ሳይበላ ከቤት አይወጣም። ይህን እያወቅሁ ነው የወጣሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ነው። ዝናቡ አባርቷል። በሩ ላይ በእንጨት የተደፋችውን ጣሳ ሲያዩ አባቴ ፈገግ አሉ። «እኛም አገር ምልክቱ ይኸው ነው» አሉ።

እትዬ፣ ያንን ምሽት ከመጨረሻው ብቻ እንዲያስታውሱት አልፈልግም። መጀመሪያው በጣም ጥሩ ነበር። አባቴን ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው። ጣሳውን ሲያመጡ ከጠላው ጠብ አድርገው በመዳፍዎ ቀመሱ፣ ከዚያ ሰጧቸው። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው» አሉኝ። አያቴን ያነሱት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ክርክሩ መጣ። የት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቋቸው። ደብረ ብርሃን ሲሉዎት፣ «የገብስ አገር ሰው! እንግዲህ የኔ በቆሎ አለበት፣ ይቻሉት» አሉ። አባቴ ቀምሰው ወይራውን አወቁት። እርስዎም ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው አጥበው በወይራ እንዳጠኑት ነገሯቸው። ጌሾው ስንት ቀን እንደቆየ አባቴ ጠየቁ። ጥንስሱ ሦስት ቀን ቆይቶ ብቅሉና ቂጣው እንደተጨመረበት መለሱላቸው። እንኩሮው (ለጠላው ተለውሶ በምጣድ የሚታመሰው ዱቄት) ላይ ግን አልተስማማችሁም። የአያቴ እንኩሮ ሊያር ትንሽ ሲቀረው ነበር ከምጣድ የሚወርደው፣ ጠላዋም ጥቁር ነበር። እርስዎ ደግሞ «ያ ሆድ ያቃጥላል» አሉ። አናጺውም ገባበት። የእሱ እናት ፈርሶ (የኦሮሞ ጠላ) ሲጠምቁ እንዴት እንደሚያምሱት በእጁ እያሳየ ተናገረ። አባቴ እንደዚያ ሲያወሩ ካየሁ ቆይቻለሁ። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ናቸው።

ከዚያ በድንገት ዝም አሉ። መጀመሪያ አልገባኝም። የደከማቸው መሰለኝ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ያውም በዚያ ብርድ። አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፣ የማይገናኝ መልስ ሰጡኝ። ምላሳቸው ተሳሰረ። ጣሳውን ሊያስቀምጡ ሲሞክሩ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ፈሰሰ። በርጩማው ላይ ሲያዘነብሉ አናጺው ደረቱ ላይ ተቀበላቸው።

ከወደ ጥግ አንድ ሰው «ሽማግሌው ጠላው ወጣባቸው» አለ። በክፋት አልነበረም። የሚመስለውም እሱ ነው። ላብ፣ መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ የጠላ ሽታ። እውነቱን ለመናገር እኔም ለአፍታ አምኜ ነበር። ወደ ቤት ወስጄ ላስተኛቸው ተነሳሁ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ የተናገሩትን እስካሁን እሰማዋለሁ።

«የቀዳሁት አንድ ጣሳ ነው። እሱም ግማሹ ፈሰሰ። የእኔ ጠላ በግማሽ ጣሳ ሰው አይጥልም። ሰውዬው ታመዋል!»

ምን እንደጠመቁ ያውቃሉ። ስንት እንደቀዱም ያውቃሉ። አባቴን ያተረፈው ይህ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ማን ይቆጥራል? በየመንገዱ ዳር ወድቆ «ሰካራም ነው» ተብሎ የታለፈው ስኳር የወረደበት ሰው ስንት ይሆን? ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህ ሐሳብ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

አንቺ ተማሪ እህቴ፣ እትዬ ሲጣሩ ከክፍልሽ በነጠላ ጫማ ሮጠሽ ወጣሽ። ፈተና ደርሶብሽ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ነርስነት መማርሽንም ያን ጊዜ አላወቅሁም። እጃቸውን ዳሰስሽና «ስኳር አለባቸው እንዴ?» አልሽኝ። ደንግጬ መመለስ አቃተኝ፤ ደግመሽ ጠየቅሽኝ። መርፌ ተወግተው እንዳልበሉ ስነግርሽ አልተቆጣሽኝም። አንዱ ውኃ ሊያጠጣቸው ሲል ከለከልሽው። መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይደረግም አልሽ። በስማቸው ጠራሻቸው፣ ምራቃቸውን እንዲውጡ አደረግሽ፣ መዋጥ እንደሚችሉ ስታረጋግጪ ብቻ «ስኳር አምጡ» አልሽ።

የእትዬ ስኳር አልቆ ነበር። እዚህ ላይ ነው ባለሱቁ ጋሼ የመጡት። የኢሻ ሰላት ሰግደው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው ገብተዋል። እርስዎ ጠጪ አይደሉም፣ ጠላ ቤት ደጃፍም አይቆሙም። በርዎ ሲንኳኳ ግን ምን ሆነ ብለው እንኳ አልጠየቁም። ሱቁን ከፍተው አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ሚሪንዳ ይዘው እስከ በሩ መጡ። ከዚያም አልሄዱም። ተማሪዋ አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ በትንሽ በትንሹ ስታጠጣቸው፣ እርስዎ ጭቃው ላይ ቆመው ዱዓ ያደርጉ ነበር። በማግስቱ ሂሳቡን ልከፍል ስመጣ «ለአባት ይሸጣል እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተማሪዋ ሰዓቷን ይዛ 15 ደቂቃ ጠበቀች። አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው ማን እንደያዛቸው ጠየቁ። ሚሪንዳውን ጨመረችላቸው። እኔ አበቃ ብዬ ተነፈስኩ። እሷ ግን «አሁኑኑ ሆስፒታል» አለች።

የመጀመሪያው ባጃጅ ቆሞ አያቸውና «ሰካራም አልጭንም» ብሎ ሄደ። ሁለተኛው አንተ ነበርክ፣ ወንድሜ። አልጠየቅክም። የኋላ ወንበርህን በጃኬትህ ጠረግህ። አናጺው አባቴን በጀርባው አዝሎ ጭቃውን ተሻገረ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አስደግፎ ያዛቸው። የአዌቱን ድልድይ ስናልፍ አባቴ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። «የእርስዎ» አላቸው። ባጃጁን ስታቆም ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለስክ።

ድንገተኛ ክፍል ሲለኩ ስኳራቸው 63 ሆነ። ከ70 በታች ሲሆን ነው ወረደ የሚባለው። ያውም ያን ሁሉ ስኳር ከጠጡ በኋላ! ሐኪሙ ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳኝ። ኢንሱሊኑ ሥራውን ጀምሯል፣ ሆዳቸው ባዶ ነው፣ ጅሬን ሲወጡ የዋሉበት እግርም ስኳሩን በልቶታል። እንዲህ ሲሆን ጉበት ካጠራቀመው ስኳር ወደ ደም ይለቃል። መጠጥ ሲገባ ግን ጉበት በመጠጡ ይጠመድና ስኳር መልቀቁን ይቀንሳል። ትንሽ ጠላም ቢሆን በባዶ ሆድ ላይ ሊያባብሰው ይችላል። ደግሞም አንዴ ተነስቶ አያበቃም፣ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አሳደራቸው።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በእርግጥም ተመልሶ ወረደ። አልጋቸው አጠገብ ነርስ ነበረች፣ ግሉኮስ ሰጠቻቸው።

ቤት ወስጄ አስተኝቻቸው ቢሆንስ? እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ በሩን ዘግቼ እወጣ ነበር። ከዚህ በላይ ማሰብ አልችልም።

እሑድ ረፋድ ላይ ወጡ። ሁላችሁም ሆስፒታሉ በር ላይ ነበራችሁ። እትዬ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ነበር። ተማሪዋ ስኳር ሲወርድ የሚደረገውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ ወረቀቱ አሁን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ከረሜላም ከኪሴ አይጠፋም። አናጺው በርጩማ ይዞ መጣ። ያቺኑ አባቴ የተቀመጡባትን፣ ከእትዬ ገዝቷት።

ለእናንተ ምን ብዬ ልመልስ? እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አላህ ይስጥልኝ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፣ ተማሪዋን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ።

አባቴ ደብረ ብርሃን በሰላም ገብተዋል። በርጩማዋን በአውቶቡስ እቅፋቸው ላይ አድርገው ነው የሄዱት። ትናንት ማታ ሲደውሉ «እራት በልቼ ነው የተወጋሁት» አሉኝ፤ ልክ እንደ ልጅ። ቀጥለው ስለ እትዬ ጠየቁኝ። ክርክሩ አልወጣላቸውም። ግማሽ ኩንታል ገብስ ጭነው ልከዋል፣ ዛሬ መናኸሪያ ደርሷል። «እንኩሮውን አጥቁረው ያውጡት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት በላቸው» ብለዋል። እትዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ አመጣዋለሁ።