ኢድራን በአንድ ሰዓት ተኩል አታስጨርሱን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የጉዞ ገጽ ላይ አቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬየስ ወደብ በጠዋት ተነስቶ ሦስቱን የግሪክ ደሴቶች፣ ኤጊናን፣ ፖሮስንና ኢድራን በአንድ ቀን አይቶ ማታ አቴንስ መመለስ እንደሚቻል ጽፋችሁ አነበብኩ። ይቻላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ለአንባቢ እንዲህ አድርግ ብሎ መምከሩ አልተዋጠልኝም። በተለይ ስለ ኢድራ። ሃይድራ የሚሏትም አሉ፣ ግሪኮቹ ግን ኢድራ ነው የሚሏት።

እህቴ አቴንስ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ ያለቻትን አንዲት የእረፍት ቀን ለዚሁ ጉዞ ሰጠችኝ። ኢድራ ላይ የተፈቀደልን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ወረድን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቡና አዘዝን፣ ቡናውን ጠጥተን ሳንጨርስ መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። ከካፌው ጀርባ በነጭ ቤቶች መሃል ሽቅብ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ነበር። እህቴ እያየችው «ይሄ ወዴት ነው የሚወስደው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሮጠን መርከብ ላይ ወጣን።

ጥያቄዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በቀጣዩ ዓመት በሚያዝያ ተመልሰን ሦስት ሌሊት አደርን።

ኢድራ ላይ መኪናም ሞተር ሳይክልም ክልክል ነው። እንደ ቆሻሻ ማንሻ ያሉ ጥቂት የአገልግሎት መኪናዎች ብቻ አሉ። ሻንጣውን፣ ሲሚንቶውን፣ የታሸገ ውሃውን ሁሉ ከወደብ ወደ ላይ የሚያደርሱት በቅሎና አህያ ናቸው። ስለዚህ ደሴቲቱ ላይ የምትሰሙት ነገር ሌላ ነው። የበቅሎ ኮቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ሁለት አሮጊቶች ከመስኮት መስኮት የሚያወሩት ወሬ። አቴንስ ሰንብቶ ለመጣ ሰው ጆሮ ሲያርፍ ይሰማል። ስፋቷ 50 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ነዋሪዋም ወደ 2,000 ሰው፣ እሱም ከሞላ ጎደል ወደቡ ዙሪያ ከተማው ውስጥ ነው። ከከተማው አንዴ ከወጣችሁ ተራራው የፍየልና የእናንተ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል መንገድ መረጥን። ከወደቡ በባሕሩ ዳር ወደ ምዕራብ ስትሄዱ አሮጌ መድፎች አፋቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ተደርድረዋል። እዚያ ጋ ቆም በሉ። ይቺ ትንሽ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1821 ግሪኮች በኦቶማን አገዛዝ ላይ ሲነሱ ከመቶ በላይ መርከቦች ያሰለፈች ናት። የግሪክን የባሕር ጦር የመራው አንድሬያስ ሚያውሊስም የዚሁ ደሴት ሰው ነው፣ በየዓመቱ በጁን መጨረሻ በስሙ በዓል ያከብሩለታል። ከወደቡ በላይ የቆሙትን ግዙፍ ግራጫ የድንጋይ ቤቶች የሠሩት በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን የእንግሊዞችን የባሕር ከበባ እየጣሱ እህል በማመላለስ የከበሩ የመርከብ ባለቤቶች ናቸው። ይህን ሁሉ እዚያው መድፎቹ አጠገብ ቆሞ ማሰብና ከመርከብ ላይ በድምፅ ማጉያ መስማት አንድ አይደለም።

ከዚያ ካሚኒ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ወደብ አለች፣ ትንሽዬ። ከእሷ አልፎ ቭሊሆስ፣ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ያላት። ዝግ ብላችሁ ብትሄዱ ከከተማው ቭሊሆስ አንድ ሰዓትም አይፈጅም። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ «ካሊሜራ»፣ እንደምን አደራችሁ፣ እያለ ነው ያለፈን። በእግር የሚሄድ እንግዳ ሰላም ይባላል፣ ይሄን ደግሞ ከጀልባ ላይ ሆኖ ማግኘት አይቻልም።

በሁለተኛው ቀን ያንን ደረጃ ወጣነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ደረጃው ቤቶቹን ጨርሶ ካልዴሪሚ ይሆናል። ካልዴሪሚ ማለት ለበቅሎ ተብሎ በድንጋይ የተነጠፈ የጥንት መንገድ ነው፣ በግሪክ ደሴቶች ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። በጥድ ጥላ ስር ያልፋል፣ ጦስኙ በፀሐይ ሲሞቅ ይሸታል፣ ከዚያ ጥላው ያልቅና ዳገቱ ይጠናል። እህቴ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ «ሂድ ብቻህን» ብላኛለች። አልሄድኩም። ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወስዶብን የነቢዩ ኤልያስ ገዳም ደረስን፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1813 በሰሜን ግሪክ ካለው የገዳማት ስፍራ፣ ከአቶስ ተራራ የመጡ መነኮሳት የመሠረቱት ነው። እህቴ ነጠላዋን አውጥታ ተከናነበች። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቀዝቃዛ ውሃና ሉኩሚ የሚባል ለስላሳ ጣፋጭ አቀረቡልን። ቋንቋቸውን የምትችለው እሷ ናት፣ እኔ ዝም ብዬ ከበሩ ፊት ተቀምጬ አየሁ። ከታች ወደቡ፣ ከባሕሩ ማዶ የደቡብ ግሪኩ የፔሎፖኔዝ ምድር ተራሮች፣ መርከቦቹ ነጭ መስመር እየሳሉ ሲመጡና ሲሄዱ። አምና የተሳፈርንባት ዓይነት ጀልባ ገብታ ሰዎቹን አውርዳ፣ እኛ ገና ከተቀመጥንበት ሳንነሳ መልሳ ጭና ወጣች። በጣም አሳዘኑኝ፣ እውነቴን ነው።

ጉልበት ያለው ከዚያ በላይ ወደ ኤሮስ ተራራ ጫፍ ይቀጥላል፣ 590 ሜትር ግድም ነው። እኛ አልቀጠልንም።

እንግዲህ ሰው በእግሩ ይሂድ ስል እንዲሁ ይሂድ ማለቴ አይደለም። የደሴቲቱ ስም ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል፣ ኋላ ግን ውሃ አጥሯት ለብዙ ዓመታት በመርከብ ሲቀዳላት ኖሯል፤ የባሕሩን ውሃ አጣርቶ የሚያጠጣ ማሽን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ተራራው ላይ ሱቅ የለም። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ይያዝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቀን መውጣት አደጋ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ደግሞ መስከረም መጨረሻ ጥሩ ነው። ብዙ ገዳማት እኩለ ቀን ላይ በራቸውን ስለሚዘጉ በጠዋት መድረስ ይሻላል። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። እሳት ደግሞ በፍጹም! በጁን 2024 ከአንድ የመዝናኛ መርከብ የተተኮሰ ርችት አስነሳው በተባለ እሳት በደሴቲቱ ምዕራብ ያለው የጥድ ደን ተቃጥሏል። አንድ የሲጋራ ቁራጭም ያን ያህል ይሠራል። አንድ ሌላ ነገር፣ ነፋስ ሲበረታ ፈጣን ጀልባዎቹ ይሰረዛሉ፣ ስለዚህ የአውሮፕላን ቀጠሮ ያለበት ሰው ከአንድ ቀን በፊት ወደ አቴንስ ይመለስ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የጉዞ ገጻችሁ ስንት ደሴት በስንት ቀን የሚለውን ቆጠራ ትቶ፣ አንድ ደሴት መርጦ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደርን ይምከር። ከፒሬየስ ኢድራ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ያን ያህል ለተጓዘ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል አይበቃም።

ጊዜም ገንዘብም አጥሮት የአንድ ቀኑን ጉዞ የግድ የሚሄድ አንባቢ ካለ ደግሞ፣ እባክህ ካፌ አትቀመጥ። ከጀልባው እንደወረድክ ፊትህን ወደ ባሕሩ አድርግና በግራ በኩል ያለውን የባሕር ዳር መንገድ ያዝ። መድፎቹን ታገኛለህ፣ ከዚያ ካሚኒን። ደርሶ ለመመለስ 40 ደቂቃ ይበቃሃል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ