ያዕቆብ የተቀበረባት መንደር፦ ለአንድ መጽሐፍ የድጋፍ ጥሪ

ላርበርት ስኮትላንድ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በባቡር ወደ ስተርሊንግ የሚሄድ ሰው በመስኮት አይቷት ያልፋል። በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን ጄምስ ብሩስ ተቀብሯል። አዎ፣ ያ ጎንደር ገብቶ ያዕቆብ የተባለው ስኮትላንዳዊ።

አምና ልጆቻችንን ይዘን መቃብሩን ልናይ ሄድን። ዝናቡ አላቋርጥ አለ፤ የስኮትላንድ ነገር። ሐውልቱ ድንጋይ አይደለም፣ ብረት ነው። አንዷ ልጅ «ለምን ብረት ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን በቅጡ የመለሰላት የለም። አፍረን ተመለስንና ማንበብ ጀመርን።

የብሩስ ቤተሰብ እዚያው አጠገብ ያለው የኪኔርድ ባለርስት ነበር። አባቱ በ1758 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሲሞት መሬቱን ወረሰ። በዓመቱ በካሮን ወንዝ ዳር የብረት ፋብሪካ ተቋቋመ። ፋብሪካው የድንጋይ ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰሉ ደግሞ በኪኔርድ መሬት ሥር ሞልቷል። ብሩስ የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ ድረስ ለመሄድ አቅም ከሆነው ገንዘብ አንዱ ይኼ የከሰል ገቢ ነው።

ከሰሉን ማን ቆፈረው? እኛን ያስደነገጠን ይኼ ነው። በዚያ ዘመን የስኮትላንድ ከሰል ቆፋሪዎች በሕግ ከጉድጓዱ ጋር የታሰሩ ነበሩ። ጥሎ መሄድ አይቻልም። ማዕድኑ ሲሸጥ እነሱም አብረው ወደ አዲሱ ጌታ ያልፋሉ። ሙሉ በሙሉ ነፃ የወጡት በ1799 ነው፣ ብሩስ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ። ገባር የሚለውን ቃል ከአያቶቹ ለሰማ ሰው ይኼ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የጎንደሩን ወሬ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1770 ገባ፣ በቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን አከመ፣ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰ። የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ቀድሞታል። ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችና ሌሎች ብራናዎች ይዞ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ኦክስፎርድ ናቸው፤ እኔን ይኼ እስካሁን ይከነክነኛል። ሎንዶን የጉዞውን ወሬ ሰምቶ ውሸታም ሲለው ተናዶ ኪኔርድ ተቀመጠ። በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲል በገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ያን ሁሉ በረሃ ያለፈ ሰው!

ሐውልቱን በ1785 ለሞተችው ባለቤቱ ለሜሪ ዳንዳስ ነው ያሠራው። ብረቱ የፈሰሰውም እዚያው ካሮን ፋብሪካ ነው። የልጅቷ መልስ ይኼው።

አሁን ይህን ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ጎን ለጎን፣ በትንሽ መጽሐፍ ልናወጣ ተነስተናል። መንደሩ፣ ባለርስቶቹ፣ ቆፋሪዎቹ፣ ፋብሪካው፣ ጎንደርም። ጽሑፉን በነፃ እንሠራለን። ገንዘብ የሚያስፈልገን ለፎቶ ፈቃድ፣ ለገጽ ቅንብርና ለኅትመት ነው። 500 ቅጂ ለማሳተም 2,600 ፓውንድ ይፈጃል። ቅጂዎቹ ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት፣ እዚህ ላሉ የቅዳሜ አማርኛ ክፍሎች፣ የተቀሩት ለጎንደርና ለሰከላ ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ።

አምስት ፓውንድም ትሁን፣ እንቀበላለን። ገንዘቡን ሁለት ሰው ፈርሞ ነው የሚያወጣው፤ የወጣውም በየወሩ ስብሰባችን ላይ ደረሰኙ ይነበባል። ካልሞላልን ለሰጪው እንመልሳለን።

ገንዘብ ያልተመቸው ሌላ ውለታ ይዋልልን። ብሩስ ተቅማጥ ሲይዘው የዳነበት ዋጊኖስ የሚባል ዛፍ አለ፤ የሳይንስ ስሙም ብሩስያ የተባለው በእሱ ነው። በአገር ቤት ዘመድ ያለው፣ የዋጊኖስ ጥሩ ፎቶ ቢያስነሳልን ደስ ይለናል። ከነፍሬው ከሆነማ ለሽፋን ይሆነናል።