ኮኩ ሳያልፍ

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝምታችን ረዘመ፤ ከሐሳቤ ግን ጠፍተሽ አታውቂም። የተከልሻት ኮክ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች ሲሉኝ ወዲያው ብዕር አነሳሁ። የሆድ የሆዳችንን በሌላ ደብዳቤ እናወጋዋለን፤ ኮክ ግን ቀን አይሰጥምና አሁን ስለ ክራምብሉ፣ ፍሬው ላይ የዱቄትና የቅቤ ፍርፋሪ በትነን ስለምንጋግረው ጣፋጭ፣ ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ዛፍ ላይ የበሰለ ኮክ ውኃው ብዙ ነው። ለሩቅ መንገድ የሚለቀመው ጠንከር እንዳለ ስለሆነ ምድጃ ውስጥ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ ያንቺው ግን ጭማቂውን ይለቃል። ክራምብል ሾርባ ሆነ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ሁሉ ውኃውን መግራት ነው።

ስትለቅሚ ቀይ መልኩ አያታልልሽ። ከቀዩ ሥር ያለውን መደብ ተመልከቺ፤ አረንጓዴው ጠፍቶ ወደ ቢጫ፣ ሥጋው ነጭ ከሆነም ወደ ክሬም መልክ የዞረውን ውሰጂ። ከቅርንጫፉ በተያያዘበት በኩል በአውራ ጣትሽ ቀስ ብለሽ ስትነኪው ለስለስ ይላል፤ ሽታውም ያኔ ይመጣል። ቀድመሽ የለቀምሽውን በወረቀት ከረጢት ብታቆዪው ይለሰልሳል፣ መዓዛም ያወጣል፤ ጣፋጭነቱ ግን ከእንግዲህ አይጨምርም። ያልበሰለውን ፍሪጅ አታስገቢ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሲሰነብት ሥጋው ደርቆ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ይህ ደግሞ በኋላ አይስተካከልም።

1 ኪሎ ኮክ፣ ማለትም መካከለኛ 7 ፍሬ ገደማ፣ ጎኑ 23 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ለሆነ መጋገሪያ ይበቃል። የፍሬውን ታች በቢላ ጫፍ የመስቀል ምልክት ጫሪበት፤ የፈላ ውኃ ውስጥ 30 ሰከንድ ያህል አቆይተሽ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቺው። ልጣጩ በጣት ይወልቃል። አልወልቅ ካለ ገና አልበሰለም ማለት ነው፤ እሱን በቢላ ላጪው እንጂ ውኃው ውስጥ አታቆዪው፣ ላዩ ይቀቀልብሻል። ከዚያ 1.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየሰጠሽ ቁረጪ። ከዚያ ከሳሳ ማርማላታ ይሆናል።

አሁን አንድ ቁራጭ ቅመሺ። በጣም ጣፋጭ ከሆነ 40 ግራም ስኳር፣ መካከለኛ ከሆነ 60፣ ኮምጠጥ ካለ 90 ድረስ ይበቃዋል። 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ጨምረሽ አደባልቂና 40 ደቂቃ ተዪው። ሎሚው ፍሬው እንዳይጠቁር ያግዛል፣ ጣዕሙንም ያነቃዋል፤ ሲበዛ ግን ጭማቂውን ለማወፈር ኋላ የምትጨምሪውን የስታርች ዱቄት ጉልበት ያደክማል። ስኳሩ ውኃውን ስቦ ያወጣዋል። ጭማቂውን በወንፊት አጥልዪና ለብቻው በትንሽ ድስት አፍዪው፤ ግማሽ ሆኖ ማንኪያ ላይ መለጠፍ ሲጀምር አውጪውና ይቀዝቅዝ። ይህን ዘለሽ በምትኩ ስታርች ብትጨምሪ ይወፍራል፣ ጣዕሙ ግን ይደበዝዛል። ሰዎች ለመፍጠን የሚዘሉት ይህንኑ ነው፤ አንቺ እባክሽ አትዝለዪው። 15 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ ማለትም 2 ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ፣ ፍሬው ላይ ነስንሺና የቀዘቀዘውን ጭማቂ መልሺበት። ስታርቹ ትኩስ ጭማቂ ላይ ከወደቀ ይጓጉላል።

ለላዩ 150 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 90 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም የተዳመጠ አጃና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አደባልቂ። ከፍሪጅ የወጣ 110 ግራም የገበታ ቅቤ በትናንሹ ቆርጠሽ ጨምሪና በጣትሽ ጫፍ ብቻ ፈትጊው፤ መዳፍ ይሞቃል። ጭብጥ አድርገሽ ስትለቂው አንዳንዱ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ አንዳንዱም ተለቅ ያለ ጓል እየሆነ ከተሰበረ ደርሷል። ሊጥ ሆኖ መያያዝ ከጀመረ አልፏል። 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ቅቤው ቀዝቃዛ ሲሆን ዘግይቶ ስለሚቀልጥ ዱቄቱ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ሞቆ ከገባ ግን ፍርፋሪው ተዘርግቶ ፍሬው ውስጥ ይሰጥማል።

ፍሬውን መጋገሪያው ውስጥ ገልብጪ፤ ኦቨኑ 190 ዲግሪ ሲሞላ ብቻ ፍርፋሪውን በትኚበት፤ አትጫኚው፣ ከተጫነ ሥሩ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ገንፍሎ እንዳይጨማለቅብሽ ከታች ሌላ ትሪ አድርጊ። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱን ሳይሆን መሐሉን እዪ። በዳር በኩል ቀጭን አረፋ ቶሎ ይታያል፣ እሱ አያታልልሽ። መሐሉ ላይ ወፈር ያለ አረፋ በዝግታ ብቅ እያለ ሲፈነዳና ጭማቂው ከደብዛዛነት ወጥቶ ሲያብረቀርቅ ስታርቹ በስሏል። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጊበት፣ አትጠቅልዪው። ሲወጣ 40 ደቂቃ ሳትነኪው ይቆይ፤ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። ትኩሱን ከከደንሽው እንፋሎቱ ፍርፋሪውን ያረጥበዋል።

ዘሩን ሰብሮ ውስጡን ለመዓዛ የሚጠቀም አለ፤ አንቺ ተዪው። አሚግዳሊን የሚባል ነገር አለበት፤ ሲፈጭ ወይም ሲታኘክ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ ሳትከድኚ በ160 ዲግሪ 15 ደቂቃ አሙቂው። ፍሬው ከበዛብሽ ቆርጠሽ፣ ሎሚና ስኳር ነካ አድርገሽ፣ ትሪ ላይ ለየብቻ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢና በረዶ ሲሆን ከረጢት ውስጥ ክተቺ። ሲቀልጥ ጭማቂው አዲስ ከተለቀመው ይበልጣል፤ እሱንም አጥልለሽ አፍዪው።

ስትጽፊልኝ ዘሩ ከሥጋው በቀላሉ የሚላቀቅ መሆኑን ንገሪኝ። የሚላቀቅ ከሆነ ለሁለት ከፍለሽ የምትጋግሪበትን አሠራር እልክልሻለሁ፤ ካልሆነም ለማርማላታ የሚሆነውን። የቤትሽንም ወሬ አትንፈጊኝ።

ሁሌም የምትወድሽ
ጓደኛሽ