ከአዳራሻችን ጓሮ ለምንዘራው ፕሬሪ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የእድራችን ቤተሰቦችና ወዳጆች፤

በሚኒሶታ፣ በመንትያ ከተሞች አካባቢ ከሚገኘው የማኅበራችን አዳራሽ በስተጀርባ ግማሽ ኤከር የሚሆን ባዶ መሬት እንዳለን ታውቃላችሁ። በኤፕሪል በረዶው ሲቀልጥ ውኃ ይተኛበታል፤ በጁላይ ሣሩ ደርቆ ይገረጣል፤ በመካከል ባሉት ሳምንታት ደግሞ ለሚያጭድልን ሰው ገንዘብ እንከፍላለን። ጠቅላላ ጉባኤው ይህ መሬት የአገሩ ነባር ሣርና አበባ የሚበቅልበት ፕሬሪ እንዲሆን በወሰነው መሠረት፣ ኮሚቴያችን ለሥራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለማሟላት ይህን ጥሪ ያቀርባል። ከምንጠይቃችሁ ገንዘብ የሚበዛው ለዓይን በማይታይ ሥራ ላይ የሚውል በመሆኑ፣ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ምን እንደሚሠራበት ልንነግራችሁ ይገባል ብለን ስላመንን ጽሑፉ ረዘም ብሏል።

ፕሬሪ ዛፍ የማይበዛበት፣ ረጅም ሣር ከአበባ ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅልበት የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ነው። የአውሮፓ ሰፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት በሚኒሶታ ብቻ 18 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ውስጥ የቀረው ከ2 በመቶ በታች ነው። ለጥፋቱ ምክንያት የሆነው የአፈሩ መልካምነት ነው። ጥቁሩ አፈር በማረሻ ላይ እየተጣበቀ ገበሬውን ያስቸግር ነበርና (በኮትቻ መሬት ላይ በክረምት ያረሰ ሰው ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም)፣ በ1837 ጆን ዲር የተባለ አንጥረኛ ኢሊኖይ ውስጥ አፈር የማይዘው የዐረብ ብረት ማረሻ ሠራ፤ በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ደግሞ መሬቱን ለሰፋሪዎች ከፈተ፤ የአገሩ ነባር ባለቤት የነበረው የዳኮታ ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል ሜዳውም አብሮ ታረሰ።

ያን አፈር ያበለጸጉት የዕፀዋቱ ሥሮች ናቸው። ቢግ ብሉስቴም የሚባለው ሣር ከላይ የቆመን ሰው ሲሸፍን፣ ሥሩ ወደ ታች 3 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ኮምፓስ ፕላንት የሚባለው ቢጫ አበባ ያለው ተክል ደግሞ ከ4 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ዊቨር ከመቶ ዓመት በፊት ሜዳው ላይ ጥልቅ ቦይ እያስቆፈረ፣ አፈሩን በጥንቃቄ እያራገፈ፣ እያንዳንዱ ሥር የሄደበትን መንገድ በሥዕል አስቀምጧል። ከእነዚህ ሥሮች ከፊሉ በየጊዜው እየሞተ አፈሩን ያጠቁረዋል፤ ሲበሰብስም የዝናብ ውኃ ወደ ታች የሚሰርግበትን ቀዳዳ ይተዋል። ባለፈው ሴፕቴምበር የኮሚቴው አባላት ከአዳራሹ ጓሮ አንድ አካፋ አፈር ቆርጠን አውጥተን ነበር። የሣሩ ሥር ከጣት ርዝመት ብዙም አላለፈም፤ ከዚያ በታች ያለው አፈር አካፋውን የሚመልስ፣ ሲሰበር እንደ ገል የሚሰነጠቅ ነበር። በኤፕሪል ውኃው የሚተኛው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን።

በጁላይ የሚሆነውም ምክንያት አለው። የግቢያችን ሣር እንደ ስንዴና ገብስ የቅዝቃዜ ወዳጅ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ እድገቱን አቁሞ ያንቀላፋል፤ ውኃ ካልጠጣም ይገረጣል። ቢግ ብሉስቴም ግን ምግቡን የሚሠራው እንደ ጤፍ፣ እንደ በቆሎና እንደ ማሽላ ነው። ተክል ሁሉ አየር የሚያስገባው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲሆን፣ ቀዳዳው በተከፈተ ቁጥር ውኃ ይወጣበታል። የእነ ጤፍ ወገን የሆኑት ሣሮች ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል አከማችተው ስለሚጠቀሙበት ቀዳዳውን ብዙ መክፈት አያሻቸውም፤ ስለዚህ ሌላው ሣር በሚያንቀላፋበት ሙቀት እነርሱ ያድጋሉ። ጤፍ ባነሰ ዝናብ ሲያፈራ አይታችሁ ከሆነ፣ እዚህ የምንዘራው ሣር ጠባዩ ለእናንተ አዲስ አይሆንም።

የኮምፓስ ፕላንት ብልሃት ሌላ ነው። ቅጠሎቹ ጠርዛቸውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አድርገው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የጠዋቱንና የማታውን ፀሐይ በሰፊው ገጻቸው ይቀበላሉ፤ የቀትሩ ፀሐይ ግን ቀጭን ጠርዛቸውን ብቻ ያገኛል። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። ሊድ ፕላንት ደግሞ ቅጠሉ በጥቃቅን ነጭ ጸጉር የተሸፈነ በመሆኑ ከሩቅ አመድማ ይመስላል፤ ጸጉሩ ቅጠሉን ከፀሐይና ከደረቅ ነፋስ ይጋርደዋል። ይኸው ተክል የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ስለሆነ፣ በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ መሬቱን ያዳብራል።

ከሁሉም ይልቅ ጥያቄ ያስነሣው የእሳት ጉዳይ ነው፤ በጉባኤው ላይ «ለማቃጠል ገንዘብ እንከፍላለን ወይ?» ተብለን ነበር። እንከፍላለን። የፕሬሪ ሣር ዳግም የሚያቆጠቁጥበት እምቡጥ ከመሬት በታች ወይም ከመሬት ልክ ላይ ስለሆነ፣ የላይኛው ጭድ ቢቃጠል ወይም ጎሽ ቢግጠው አይጎዳም፤ የማደጊያ ጫፉ ከላይ የሆነው የዛፍ ችግኝ ግን ይሞታል። ዳኮታዎች ሜዳውን እያወቁ ያቃጥሉት የነበረው አዲስ ሣር እንዲወጣና እንስሳት እንዲሰበሰቡ ነው። የጠቆረው መሬት በጸደይ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ሣሩ ቀድሞ ይነሣል። የእኛን ቃጠሎ በአራተኛው ዓመት፣ የከተማው የእሳት አደጋ ክፍል ሲፈቅድ ብቻ፣ ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያከናውኑታል፤ ጎረቤቶቻችንም አስቀድሞ ይነገራቸዋል።

አንድ ጥፋታችንንም ልንሸሽጋችሁ አይገባም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዳራሹ መግቢያ በኩል በትንሽ ቦታ ላይ ሞክረን ነበር። በሁለተኛው ዓመት መሬቱን ስናየው አረም ብቻ መሰለንና ቅዳሜ ጠዋት በደቦ ወጥተን ነቀልነው። የነቀልነው ግን የዘራነውን ነበር። እነዚህ ዕፀዋት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጉልበታቸውን ሁሉ ወደ ሥር ስለሚያወርዱ፣ ከላይ የሚታየው ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ መሆኑን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከአጥሩ ጥግ ተርፋ ባለፈው ጁላይ ሐምራዊ አበባ ያበበችው የዱር ቤርጋሞት የዚያ ሙከራ ቅሪት ናት። ቅጠሏን በጣታችሁ አሽታችሁ ብታሸቱት የጦስኝ ሽታ ይሰጣችኋል፤ ያን ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር በሁለቱም ውስጥ ይገኛልና። በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ በእርሷ ላይ የቆጠርናቸው ትልልቅ ጸጉራም ንቦች ከሃያ ይበልጡ ነበር። ከእነዚህ ንቦች አንዱ ዓይነት፣ በጀርባው ላይ የዝገት መልክ ያለው፣ በ2017 በፌዴራል መንግሥት ለመጥፋት ከተቃረቡ ፍጥረታት ተርታ ተመዝግቧል፤ ሚኒሶታም በ2019 የስቴቷ ንብ አድርጋ መርጣዋለች።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የጠቅላላው ሥራ ወጪ 9,600 ዶላር ሲሆን እስካሁን 3,150 ዶላር ተሰብስቧል፤ የቀረው 6,450 ዶላር ነው። መሬቱን ለማዘጋጀት፣ ማለትም ነባሩን ሣር ሰመሩን ሙሉ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኖ ለማጥፋትና አካባቢውን ለማስተካከል 1,800 ዶላር ይወጣል። ለዘር 1,400 ዶላር፣ በመግቢያው በኩል ቶሎ እንዲታዩ ለምንተክላቸው 600 ችግኞች 2,400 ዶላር መድበናል። ለቃጠሎው የተያዘው 1,300 ዶላር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው 2,700 ዶላር ለሦስት ዓመት እንክብካቤ የሚውል ነው፤ አረሙ ችግኞቹን እንዳይጋርዳቸው በየጊዜው ከፍ ተደርጎ ይታጨዳል፣ የሚነቀለውም ለይቶ በሚያውቅ ሰው ይነቀላል። ከላይ የተናገርነውን ጥፋት የማንደግመው በዚህ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህም ለዘሩ ብቻ ለመስጠት የምትፈልጉ ወገኖች ለእንክብካቤውም እንድታስቡበት አደራ እንላለን። በመጀመሪያው ዓመት መጥታችሁ «ገንዘባችን የት ገባ?» ብትሉ የምናሳያችሁ አበባ አይኖረንም፤ ደህና አድርጎ የሚያብበው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው።

ስለ ከተማው ደንብ ለጠየቃችሁን፦ በ2023 የወጣው የስቴቱ ሕግ በእንክብካቤ የተያዘ የነባር ዕፀዋት ግቢን ከተሞች እንዲፈቅዱ ስለሚያዝዝ፣ ሣሩ ረዘመ ተብሎ የሚያስቀጣን ነገር የለም። የተከለከሉ አረሞችን ማጥፋት ግን ግዴታችን ነው።

ውኃ የሚተኛበትን የታችኛውን ጥግ ለብቻው አስበንበታል። በዚያ ከሚዘሩት መካከል ባይደንስ የሚባለው ቢጫ አበባ ይገኝበታል፤ እርጥብ ቦታ የሚወድ፣ የዚሁ አገር ነባር ተክል ሲሆን የአደይ አበባ የቅርብ ወገን ነው። ሁለቱም በአንድ የዕፀዋት ወገን ስም ይጠራሉ። የሚያብበውም በኦገስትና በሴፕቴምበር ስለሆነ፣ ደመራ በምናበራበት ሰሞን ያ ጥግ ቢጫ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እናቶቻችን ለእንቁጣጣሽ ከሱቅ የተገዛ አበባ ሲይዙ ማየት የሚያሳዝነን ሰዎች ለዚህ ጥግ ትንሽ ማድላታችንን እናምናለን።

መስጠት የምትፈልጉ በሙሉ በእሑድ ስብሰባ ላይ ለሒሳብ ሹሙ በጥሬ ገንዘብ ወይም በማኅበሩ ስም በተጻፈ ቼክ ልታስረክቡ ትችላላችሁ፤ በፖስታው ላይ «ለፕሬሪ» ብላችሁ ጻፉበት። ለሁሉም ለግብር ጊዜ የሚያገለግል ደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢና ወጪውም በየሦስት ወሩ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። 4 ዶላር አንድ ችግኝ ያስተክላል፤ በወር በወር ትንሽ ትንሽ ለመክፈል የምትሹም ስማችሁን አስመዝግቡ።

ጉልበት የምትሰጡን ደግሞ በኖቬምበር አጋማሽ በሚውለው ቅዳሜ እንፈልጋችኋለን። ዘሩ የሚዘራው በዚያን ጊዜ ነው፤ ሚልክዊድ የሚባለውን ተክል የመሰሉ ዕፀዋት ዘሮች እርጥበትና ብርድ ለሳምንታት ካልነካቸው አይበቅሉምና፣ በረዶው ከመውደቁ በፊት መሬት ላይ መገኘት አለባቸው። ዘሩ ጥቃቅን ስለሆነ ከእርጥብ አሸዋ ጋር እየተቀላቀለ በእጅ ይበተናል፤ ከዚያ ልጆች በላዩ ላይ እየሮጡ ይረግጡታል፤ ይህን የሚሠራ መሣሪያ ስላለ መከራየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹን መርጠናል። ባልዲና ጓንት ይዛችሁ ጠዋት በ3 ሰዓት ኑ፤ ቡናው ከአዳራሹ ውስጥ ይፈላል።

አስተባባሪ ኮሚቴው