በጉ ታዋቂ ሆነ፣ ቡናዬ ግን አልተሸጠም
ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሽሮ ሜዳ የጀበና ቡና እያፈላሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ለፋሲካ የገዛነው በግ ከደንበኛ ሰሃን ላይ ፈንዲሻ ሲለቅም የእህቴ ልጅ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ለሳቅ ብላ ነው። ስንነቃ አገር ምድሩ አይቶታል።

አሁን ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኖ ይመጣል፣ ፈንዲሻዬን ለበጉ ይበትናል፣ ከዚያ ቡና ሳያዝ ውልቅ! በጥር 2011 ዓ.ም. የአንድ እንቁላል ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ከ18 ሚሊዮን በላይ ላይክ አግኝቶ ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። እንቁላል ግን መኖ አይጠይቅም።

«እንዳታርጂው» የሚሉኝ ከዱባይም ከጀርመንም አሉ። የመኖ የላከ ግን የለም። (ባለቤቴማ ቢላውን ስሎ ጨርሷል።)

በጉን ልታዩ የምትመጡ፣ እባካችሁ አንድ አንድ ስኒ እንኳ ጠጡ። ፈንዲሻው በነጻ ነው፤ ለሰው።

ቡና አፍይዋ፣ ከሽሮ ሜዳ