ሰንጠረዥ በጨዋታ ገጻችሁ ቦታ ይሰጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የጨዋታ ገጻችሁ አግድምና ቁልቁል የሚሞላ የቃላት እንቆቅልሽ፣ ሱዶኩና አልፎ አልፎም የቼዝ ጥያቄ ያወጣል። ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጫወት ወይም ልብ ወለድ ሲያነብ «ሥራ ፈታ» በሚባልበት አገር ለጨዋታ ሙሉ ገጽ መስጠታችሁ ያስመሰግናችኋል። ነገር ግን ከገጹ የጎደለ አንድ ጨዋታ አለ፤ ስሙን ሁላችንም በየቀኑ እንጠራዋለን። «ከታች ባለው ሰንጠረዥ እንደተመለከተው» ብላችሁ የእህል ዋጋ ስታወጡ የምትጠቀሙበት ቃል መነሻው ጨዋታ ነው። ከሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ «ሻትራንጅ» ተብሎ ወደ እኛ የደረሰ ነው። የመጀመሪያ ትርጉሙም «ባለ አራት ክፍል» ማለት ሲሆን፣ አራቱ ክፍሎች እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ቃሉን ለቁጥር መደርደሪያ አስቀርተን ጨዋታውን ጣልነው።

ሰንጠረዥ ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ ጋር ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ንግሥቲቱና ጳጳሱ የዛሬውን ረጅም እርምጃ ሲያገኙ፣ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የጥንቱን እርምጃ ይዞ ቆየ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን አይቶ መዝግቧል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበው በጥናት አውጥተዋል። ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም፤ የቀረው ሰሌዳውን ዘርግቶ መቀመጥ ነው።

ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት ሳይሆን መስመር ብቻ የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው። ለመሥራት 46 በ46 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጥጥ ጨርቅ በቂ ነው፦ እያንዳንዱ ቤት 5 ሳንቲ ሜትር፣ በአራቱም በኩል ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ። 9 መስመር አግድም፣ 9 መስመር ቁልቁል፣ እያንዳንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 7 ሜትር ከ20 ቀጭን ጥቁር ጥብጣብ ይፈጃል፤ ለስፌት ስሕተት 8 ሜትር ግዙ። ጨርቁን ከማስመር በፊት እጠቡትና ተኩሱት። ሳይታጠብ የተሰመረ ጥጥ በኋላ ይሰበሰብና ቤቶቹ ይጣመማሉ። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር ማስመርም አይመከርም፤ ቀለሙ በጥጡ ውስጥ ይሰራጫል።

ጠጠሮቹን ከተራ ቼዝ መውሰድ ይቻላል። ንጉሡ ንጉሥ ነው፤ ደር በቼዙ ግንብ፣ ፈረስም በቼዙ ፈረስ እርምጃ ይሄዳሉ። ልዩነቱ በሦስቱ ላይ ነው። ፈርዝ፣ ማለትም በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆመው፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ በጳጳሱ ቦታ የሚቆመው ዝሆን፣ በሰያፍ ልክ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል ላይ ያለው ጠጠር የራሱም ሆነ የጠላት አያግደውም። መደቅ፣ በቼዙ ወታደር ቦታ የሚቆመው፣ ወደ ፊት አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው እርምጃ ሁለት ቤት መግባት የለም፣ ንጉሥና ደርን ማቀያየርም የለም። መደቁ መጨረሻው መስመር (የቤቶች ረድፍ) ላይ ሲደርስ ምን ይሁን በሚለው ላይ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። በጥንቱ ሻትራንጅ ፈርዝ ብቻ ይሆን ነበርና ያንን መያዝ ያዋጣል። ቼዝ የለመደ እጅ ንግሥቲቱን ሲያይ ሰሌዳውን ማዶ ለማዶ መጎተት ይጀምራል። ስለዚህ በንግሥቲቱና በጳጳሱ ፋንታ ሌላ ቅርጽ አስቀምጡ፤ ቀለም የተቀባ ቆርኪ እንኳ ይበቃል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

አሰላለፉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ንጉሥ ከተጫዋቹ እይታ ከመካከለኛው መስመር በስተ ቀኝ ይቆማል፣ ፈርዙ በግራው። በዚህ መሠረት ንጉሥ ፊት ለፊቱ የሚያየው የጠላትን ፈርዝ ነው። በቼዝ ልማድ ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት ካቆማችሁ ሁለቱ ፈርዞች በተለያየ ሰያፍ ላይ ይቀሩና እስከ ጨዋታው መጨረሻ አይገናኙም። በትክክለኛው አሰላለፍ ግን አንዱ ሌላውን ሊበላ ይችላል። ቀይ ጨርቅ ላይ የቤት ቀለም ስለሌለ ስሕተቱ በዓይን አይታይም።

አሁን ወደ ወረራ እንምጣ፤ ሰንጠረዥን ከዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው ይህ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይቀይራል፣ ያንቀሳቀሰውንም መልሶ ሌላ መሞከር ይችላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው። ጀማሪዎች ወረራን የፍጥነት ውድድር ያደርጉትና እጅ ለእጅ ይጋጫሉ። ሦስት ነገር መስማማት ይበቃል፦ በአንድ እጅ ብቻ መጫወት፤ ጠጠሩ ከእጅ ሲለቀቅ ብቻ እንደተንቀሳቀሰ መቁጠር፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ከበሉ ሁለቱንም መልሶ መቀጠል። ጥሩ ተጫዋች በወረራ አይቸኩልም። ፈረሶቹን ወደ 3ኛው መስመር ያወጣል፣ በፈርዙ ሰያፍ ላይ ያለውን መደቅ ገፍቶ መውጫ ይሰጠዋል፣ ከዚያም ይጠብቃል። ቀድሞ አሰላለፉን የጨረሰ ሐሳቡን አሳየ ማለት ነው፤ ሌላው ያንን አይቶ ያስተካክላል።

ፊልን ብዙዎች ይንቁታል፤ ደግሞም ደካማ ነው። ከ64ቱ ቤቶች አንድ ፊል መርገጥ የሚችለው 8 ብቻ ነው። አራቱ ፊሎች በጠቅላላው 32 ቤት ይካፈላሉ፤ አንዱ የሌላውን ቤት ስለማይረግጥ ፊል ፊልን መብላት ፈጽሞ አይችልም። ከራሱ ወገን ሲቆጠር ፊል የሚቆመው በ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ መስመር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በመነሻ መስመሩ ላይ የተቀመጠን ንጉሥ የጠላት ፊል መቼም አይነካውም። በፊል ማት ለማድረግ (ማምለጫ አሳጥቶ ለመያዝ) ንጉሡን ቢያንስ አንድ መስመር ወደ ፊት ማውጣት ግድ ነው፤ የጨዋታው ጥበብ ያለውም እዚያ ላይ ነው።

በሰንጠረዥ ማት ሁሉ እኩል አይደለምና። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ተራ ነገር ነው። በፈርዝ ወይም በፊል ሲሆን ያስከብራል፤ በመደቅ ሲሆን ይጨበጨባል። ለውድድር ነጥብ መስጠት ከተፈለገ ለደርና ለፈረስ 1፣ ለፈርዝና ለፊል 2፣ ለመደቅ 3 መስጠት ልማዱን ይጠብቃል። ሌላም ሕግ አለ፦ ጠጠሮቹ ሁሉ ተበልተው ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። የቼዝ ሰው እዚህ ይወድቃል። ያገኘውን ሁሉ ይበላና መጨረሻ ላይ ሁለት ደር ይዞ ማሸነፍ ያቅተዋል። ለተቃዋሚ ጠጠር መተው፣ የትኛውን እንደሚተዉም ማወቅ ያስፈልጋል።

በጋዜጣ ለማተም የቤት ስያሜ ይፈለጋል። «ሀ ለ ሐ መ» ብሎ በፊደል ቅደም ተከተል መሄድ ያስቸግራል፤ ሀና ሐ፣ ሠና ሰ በድምፅ ስለማይለዩ ጥያቄውን በስልክ ለሌላ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውንና ሸን ትቶ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ተ ብንል ልክ 8 ዓምድ ይሞላል፤ መስመሮቹ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። በዚህ ስያሜ የነጭ ንጉሥ ከሰ1፣ ፈርዙ ከረ1፣ ፊሎቹ ከመ1ና ከቀ1 ይነሣሉ። የጥቁር ንጉሥ ረ8 ላይ ነው።

ለናሙና አንድ ጥያቄ እነሆ። ነጭ፦ ንጉሥ ሰ1፣ ደር ለ1፣ ፊል ሰ3። ጥቁር፦ ንጉሥ ሀ7፣ ደር ሀ8፣ መደቅ ሀ6። ነጭ ተጫውቶ በአንድ እርምጃ ማት ያደርጋል። ቼዝ የለመደ ዓይን ሰ3 ላይ ያለውን ጠጠር እንደ ጳጳስ ስለሚያየው የጥቁር ንጉሥ ገና ከጅምሩ የተያዘ ይመስለዋል። ፊል ግን ከሰ3 ሀ7ን አያይም፤ የሚደርሰው መ5፣ በ5፣ መ1ና በ1 ብቻ ነው። መልሱ ፊል መ5 ነው። ከዚያ ሀ7ን ይመታል፤ ዘሎ ስለሚመታ መካከል ገብቶ መከለል አይቻልም። የለ ዓምድን በሙሉ ደሩ ዘግቶታል፤ ሀ8ንና ሀ6ን ደግሞ የጥቁር የራሱ ጠጠሮች ይዘውበታል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከነሥዕሉ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይበቃዋል፤ የሱዶኩው ሳጥን ከዚህ አይተናነስም። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በአንድ እርምጃ የሚፈታ ብቻ አውጡ፣ በየሳምንቱም ከሥሩ የፊልንና የፈርዝን እርምጃ በሁለት መስመር ድገሙ፤ አዲስ አንባቢ በየትኛውም ሳምንት ገብቶ እንዲፈታው። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት አትሙ፤ ቀለም የሌለውን ሰሌዳም ቀለም ሳትጨምሩበት እንደ ጥንቱ በመስመር ብቻ አስቀምጡት።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ